ከሜሪላንድ ወደ ሲያትል፦ በስልክ ብቻ ዋጋ የነገረንን ዕቃ አጓጓዥ እንመን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እንኖራለን። ባለቤቴ ሲያትል ሥራ ስላገኘ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ጠቅልለን እንሄዳለን። ያለን የባለ ሁለት መኝታ ቤት ዕቃ ነው። ሁለት ኩባንያዎች ቤታችን ድረስ መጥተው ካዩ በኋላ ዕቃችሁ 5,000 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል ብለው አንዱ 5,200፣ ሌላው 5,600 ዶላር ጠየቁን። ሦስተኛውን ያገኘሁት በኢንተርኔት ነው። በስልክ አሥር ደቂቃ አነጋግሮኝ 2,300 ዶላር አለኝና በክሬዲት ካርድ 400 ዶላር ቀብድ ከፈልኩ። አሁን ደግሞ ዋጋው እንዳይጨምርብሽ 900 ዶላር በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ላኪ፣ የላክንልሽን ወረቀት በስልክሽ ላይ ፈርሚ እያለኝ ነው። ወረቀቱ ዕቃው መኪና ውስጥ የሚይዘው ቦታ 350 ኪዩቢክ ጫማ ነው ይላል። አንድ የምናውቀው ሰው ባለፈው ዓመት ዕቃው ተይዞበት ከተስማማው እጥፍ ከፍሎ ነው ያስለቀቀው። ልፈርም? የከፈልኩት 400 ዶላርስ ይመለስልኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ አይፈርሙ። 900 ዶላሩንም አይላኩ። የቀረውን በእርጋታ እናየዋለን።

ይህን ያህል የቸኮልኩት ሕጉ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ከአንድ ግዛት ወደ ሌላ ግዛት የሚሄድ የቤት ዕቃ የሚተዳደረው በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ነው፤ ሕጉም ለባለ ዕቃው ብዙ መብት ይሰጣል። ነገር ግን እነዚህ መብቶች በአብዛኛው የሚለኩት ዕቃው ከቤት ከመውጣቱ በፊት በተጻፈና በተፈረመ ወረቀት ነው። የመኪናው በር ከተዘጋ በኋላ መብቱ አይጠፋም፤ እስኪከበር ድረስ ግን ልጆችን ባዶ ወለል ላይ እያስተኙ መጠበቅ ሊመጣ ይችላል። አንዲት ደንበኛዬ ዴንቨር ከተማ ከሦስት ልጆቿ ጋር ሳምንታትን ያሳለፈችው በዚህ ሁኔታ ነው። በመጨረሻ ዕቃዋን አገኘች፤ የእናቷ ፎቶግራፎች የነበሩበት ካርቶን ግን አልመጣም። የእርስዎ ዕቃ ገና ቤትዎ ውስጥ በመሆኑ ደስ ብሎኛል።

ከወረቀቱ እንጀምር። በዚህ ሥራ ያሉ ሰዎች አንድ ኪዩቢክ ጫማ የቤት ዕቃ በግምት 7 ፓውንድ ይመዝናል ብለው ያሰላሉ። ቤትዎን ያዩት ሁለቱ ኩባንያዎች የገመቱትን 5,000 ፓውንድ ለ7 ቢያካፍሉት 714 ኪዩቢክ ጫማ ገደማ ይመጣል። ሦስተኛው የጻፈልዎት 350 ነው። 2,300 ዶላሩ ርካሽ የመሰለው የዕቃዎን ግማሽ እንኳ ስለማይሸፍን ነው። የቀረው ግማሽ ዋጋ የሚወጣለት በጭነቱ ዕለት፣ ሶፋው ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ የአፓርታማው ኃላፊ ቁልፉን ለመረከብ በር ላይ ሲጠብቅ ነው። በዚያ ሰዓት እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቁታል፤ አጭበርባሪውም ያውቀዋል። ክብደት በሚዛን ይረጋገጣል፤ መኪና ውስጥ የተያዘ ቦታ ግን ጫኙ ራሱ ለክቶ የሚነግርዎት ነገር ነው። ስለዚህ በክብደት የሚያስከፍል ይምረጡ። መኪናው ሲመዘን ቆመው የማየት፣ የሚዛኑን ወረቀት ቅጂ የማግኘት፣ ከተጠራጠሩም ዕቃው ከመራገፉ በፊት እንደገና ይመዘንልኝ የማለት መብት አለዎት።

ዕቃዎን ሳያይ ዋጋ መስጠቱም ራሱን የቻለ ጉድለት ነው። ደንቡ አጓጓዡ ግምት ከመስጠቱ በፊት ዕቃውን በአካል ወይም በቪዲዮ እንዲያይ ያዛል። ይህን መብት ባለ ዕቃው በጽሑፍ ሊተወው ይችላል። በስልክዎ የተላከው ወረቀት ውስጥ «ዕቃዬ እንዲታይ አልፈልግም» የሚል ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር መኖሩን ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ይኖራል።

ሌላው ነገር ያነጋገረዎት ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ኩባንያ ያሉት ድርጅት ምናልባት አንድም መኪና የሌለው ደላላ ይሆናል። ድለላ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። ነገር ግን የቤት ዕቃ ደላላ በፌዴራል መንግሥት መመዝገብና የ75,000 ዶላር ዋስትና ማስያዝ አለበት። በማስታወቂያው ላይ አድራሻውን፣ የምዝገባ ቁጥሩንና ደላላ እንጂ አጓጓዥ አለመሆኑን መግለጽ አለበት። ዕቃውን መስጠት የሚችለውም ለተመዘገበ አጓጓዥ ብቻ ነው። ጉዳት የሚያደርሰው ይህን የደበቀ ደላላ ነው። ቀብዱን ይወስዳል፣ ዕቃውን እርስዎ ስሙን ሰምተውት ለማያውቁት ሰው ያስተላልፋል፣ ሾፌሩም በዕለቱ መጥቶ «እነሱ የነገሩሽን ዋጋ እኔ አላውቅም» ይላል። ስለዚህ በኢሜይል እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ ዕቃዬን የምትጭኑት ራሳችሁ ናችሁ ወይስ ለሌላ ትሰጣላችሁ? ለሌላ ከሆነ የአጓጓዡ ስምና ቁጥር ምንድን ነው? መልሱ በጽሑፍ ካልመጣ እዚያው ይለያዩ።

ቁጥር ያልኩት የዩኤስ ዶት (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) የምዝገባ ቁጥርን ነው። ግዛት አቋርጦ የሰው የቤት ዕቃ በክፍያ የሚያጓጉዝ ሁሉ በፌዴራል የሞተር ተሽከርካሪ አጓጓዦች ደኅንነት አስተዳደር መመዝገብ አለበት። መሥሪያ ቤቱ «ፕሮቴክት ዩር ሙቭ» በሚል ስም ባዘጋጀው ገጽ ላይ ቁጥሩን ሲያስገቡ ድርጅቱ አጓጓዥ ወይም ደላላ መሆኑን፣ የቤት ዕቃ የመጫን ፈቃድ እንዳለው፣ አድራሻውንና የቀረቡበትን አቤቱታዎች ያያሉ። ለስሙ ብቻ አይጨነቁ፤ አቤቱታ የበዛበት ድርጅት ስሙን ለውጦ በአዲስ ቁጥር ብቅ ማለቱ የታወቀ ነገር ነው። አድራሻው የመኖሪያ አፓርታማ ከሆነ፣ ስልኩን የሚያነሳው ሰው የድርጅቱን ስም ሳይጠራ «አጓጓዦች» ብቻ ካለ፣ ወይም በጭነቱ ዕለት የመጣው መኪና ስምና ቁጥር የሌለው የኪራይ መኪና ከሆነ አያስጭኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዋጋ ግምት ሁለት ዓይነት ነው። አስገዳጅ ግምት ከሆነ ዕቃው ቢከብድም ቢቀልም የተጻፈው ዋጋ ዋጋ ነው። አስገዳጅ ካልሆነ የመጨረሻው ሒሳብ በሚዛን ይወሰናል፤ ሆኖም ዕቃው ሲደርስ አጓጓዡ ለመረከቢያ ሊጠይቅዎ የሚችለው ከግምቱ 110 በመቶ አይበልጥም። 2,300 ተብሎ ከነበረ በር ላይ የሚከፍሉት እስከ 2,530 ዶላር ነው። ከዚያ የተረፈ ካለ ዕቃውን አስረክቦ ከ30 ቀን በኋላ ሒሳብ ይልካል። በመሃል እርስዎ ራስዎ የጠየቁት ተጨማሪ ሥራ ወይም ትልቁ መኪና በሩ ድረስ መግባት ባለመቻሉ በትንሽ መኪና ማመላለስን የመሰለ ነገር ካጋጠመ የተለየ ስሌት አለው። ስለዚህ የደረጃ፣ የረጅም ርቀት መሸከምና የትንሽ መኪና ክፍያ ስንት እንደሆነ አስቀድመው ያስጽፉ።

አጭበርባሪው ይህን ሕግ ከእርስዎ በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ ሕጉን በቀጥታ አይጥሰውም፤ ራስዎ እንዲያፈርሱለት ያደርጋል። በጭነቱ ዕለት ጠዋት «ዕቃው በዝቷል» ብሎ አዲስ የግምት ወረቀት ያቀርባል። ከፈረሙ የድሮው ዋጋ ይሞታል፤ 110 በመቶውም የሚሰላው በአዲሱ ላይ ነው። ካልፈረሙ ግን ልብ ይበሉ፤ አጓጓዡ አዲስ ስምምነት ሳይፈረም ዕቃውን ከጫነ የመጀመሪያውን ግምት እንዳጸና ይቆጠራል። ከጫነ በኋላ ዋጋ መቀየር አይችልም። ስለዚህ አዲሱ ወረቀት ሲመጣ ያልዘረዘሩት ዕቃ በእርግጥ መኖሩን ይመልከቱ። ከሌለ አልፈርምም ይበሉ፣ አልጭንም ካለም ይሂድ። አንድ ሳምንት መዘግየትና አንድ ወር ዕቃን ማጣት አይወዳደሩም። ባዶ ቦታ ያለበትን ወረቀት ደግሞ በፍጹም አይፈርሙ። እንግሊዝኛው ከከበደዎት ሰው እስኪያነብልዎ ይጠብቁ፤ የሚያጣድፍዎ ሰው የሚያጣድፍበት ምክንያት አለው።

ስለ ካሣ ባጭሩ ልንገርዎ። ሕጉ እርስዎ በጽሑፍ ካልተውት በቀር ለዕቃዎ ሙሉ ዋጋ ጥበቃ ይሰጣል፤ አጓጓዡ የጠፋውን ወይም የተሰበረውን ያድሳል፣ ይተካል ወይም ዋጋውን ይከፍላል። ይህ ተጨማሪ ክፍያ ያስከትላል። «ነጻ ነው» የሚሉት ሌላው አማራጭ ለአንድ ፓውንድ 60 ሳንቲም ብቻ ነው። 50 ፓውንድ የሚመዝን ቴሌቪዥን ቢሰበር 30 ዶላር፣ ከአገር ቤት ያመጡት 8 ፓውንድ የሚመዝን መሶብ ቢጠፋ 4 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይደርስዎታል። ወርቅዎን፣ ፓስፖርትዎን፣ የዜግነትና የጋብቻ ወረቀትዎን፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት መኪና ላይ አይጫኑ፤ በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ስኒና ጀበናዎን አጓጓዡ ቢያሽገው ይሻላል፤ ራስዎ ባሸጉት ካርቶን ውስጥ የተሰበረን ዕቃ ማስከፈል ከባድ ነው።

ወደ 400 ዶላርዎ ስንመጣ፣ በክሬዲት ካርድ መክፈልዎ ጠቅሞዎታል። ዛሬውኑ ውሉን እንደሰረዙና ገንዘቡ እንዲመለስልዎ በኢሜይል ይጻፉ። ደላላ ከሆነ የስረዛ፣ የቀብድና የተመላሽ ደንቡን በግልጽ የማሳወቅ ግዴታ ስላለበት ደንቡን ይላክልኝ ይበሉ። ካልመለሰ ክፍያው የታየበት የካርድ ሒሳብ ከተላከልዎ በ60 ቀን ውስጥ ለካርድ ሰጪው ባንክ በጽሑፍ ይቃወሙ። ገንዘቡ በእርግጠኝነት ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም፤ ውሉ ቀብዱ አይመለስም ብሎ ከሆነ ክርክር ይነሳል። ያም ሆኖ 400 ዶላር ላለማጣት ብለው 900 አይጨምሩ። በዜል የላኩት ገንዘብ እንደ ካርድ ክፍያ በቀላሉ አይመለስም፤ በዚያ መንገድ የጠየቁዎትም ስለዚህ ነው።

ለወዳጅዎም የምነግረው አለኝ። ሕግ ከሚፈቅደው በላይ ካልተከፈለኝ ዕቃውን አልሰጥም ማለት በፌዴራል ሕግ ቢያንስ 10,000 ዶላር የሚያስቀጣ፣ እያንዳንዱ የተያዘበት ቀን ለየብቻ የሚቆጠርበት፣ እስከ ሁለት ዓመት እስራትም ሊያደርስ የሚችል ጥፋት ነው። ፖሊስ ብዙ ጊዜ «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ በዚያ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ለፌዴራሉ አስተዳደር በ1-888-368-7238 ደውሎ ወይም በድረ ገጹ አቤቱታ ማስገባት፣ ለግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግም መጻፍ ይቻላል። ያለ አግባብ የተከፈለን ትርፍ ክፍያ ለማስመለስ ክስ የሚቀርበው በ18 ወር ውስጥ ስለሆነ ወዳጅዎ ቀኑን ዛሬ ይቁጠር። የጠፋ ወይም የተሰበረ ዕቃ ካለ ለአጓጓዡ የጽሑፍ የካሣ ጥያቄ ለማቅረብ ቢያንስ ዘጠኝ ወር አለ፤ ዕቃው በደረሰ በ120 ቀን ውስጥ ያቀረበ ሰው ግን ቢረታ የጠበቃ ወጪውን የማስከፈል ዕድል ሊኖረው ይችላል። እስከ 10,000 ዶላር ላለ ክርክር ባለ ዕቃው በግልግል ዳኝነት ይታይልኝ ካለ አጓጓዡ እምቢ ማለት አይችልም።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በማኅበረሰባችን ውስጥ መኪና ተከራይተው «እኔ አደርስልሃለሁ» የሚሉ ወንድሞች አሉ። አብዛኞቹ ቅን ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ፈቃድና ኢንሹራንስ የሌለው ሰው መንገድ ላይ ቢገለበጥ ወይም ዕቃው ቢዘረፍ እርስዎም እሱም ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ፤ የአገር ልጅነቱም ያኔ የመከሰሻ ሳይሆን የመቀያየሚያ ምክንያት ይሆናል። እሱንም ቁጥሩን ይጠይቁት። ቅን ሰው በዚህ አይቀየምም።

ለጊዜው 5,200 ዶላር ወደጠየቀው ኩባንያ ይደውሉና አስገዳጅ ግምት ይሰጠኝ ይበሉ። ቁጥሩን ይፈትሹ፤ ዕቃው የሚነሳበትና የሚደርስበት ቀን፣ የክፍያ መንገዱና የካሣው ዓይነት በጭነት ውሉ ላይ ይጻፉ። ሲያትል ሲደርስ እያንዳንዱን ዕቃ ከዝርዝሩ ጋር እያመሳከሩ ይረከቡ፤ የተሰበረውንና የጎደለውን ከመፈረምዎ በፊት ወረቀቱ ላይ ይጻፉ። «ከአጓጓዡ ምንም አልጠይቅም» የሚል ነገር ካለበትም ያንን ይሰርዙት። ይህ የሰጠሁዎት አጠቃላይ ምክር ነው፤ የላኩልዎትን ወረቀት አላየሁትም። ከመፈረምዎ በፊት የሁለቱንም ኩባንያ ወረቀት ቢልኩልኝ አነበዋለሁ።