ከሐረና ጫካ ወደ ቱሉ ዲምቱ፦ ላልሽው መልስ

እህቴ፣ «ከሐዋሳ ተነስተን የባሌውን የሐረና ጫካ በእግር አልፈን ቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ መውጣት ይቻላል? አስጎብኚስ ግድ ነው?» ላልሽው፦ ይቻላል፤ የአካባቢው ሰው ሳይመራሽ ግን አትሞክሪው። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ የመጀመሪያው ከሽፎብኛል።

ጫፉ ብዙ አያጓጓሽ። 4,377 ሜትር ነው፣ መኪና የሚወጣበት መንገድም አለው። አንቺ በላብ ተጠምቀሽ ስትደርሺ በፒካፕ የመጣ ሰው ፎቶ ሲነሳ ልታገኚ ትችያለሽ። ጉዞው የሚጣፍጠው ታች ጫካው ውስጥ ነው።

በሻሸመኔ፣ ዶዶላና አዳባ አድርገሽ ዲንሾ ትገቢያለሽ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ስለሆነ ክፍያውንም አስጎብኚውንም እዚያው ጨርሺ። ከዚያ በጎባ በኩል የሳኔቲን አምባ በመኪና ተሻግረሽ ወደ ሪራ መንደር ትወርጃለሽ።

እኔ ያጠፋሁት ሪራ ላይ ነው። የሐዋሳን 1,700 ሜትር የለመደ ሳንባ ይዤ በማግስቱ ሽቅብ ቸኮልኩ። መሪያችን የሪራ ተወላጅ ሽማግሌ ናቸው፤ «ሱታ፣ ሱታ» ይሉኛል፣ ቀስ በል ማለታቸው ነው። የደከማቸው መስሎኝ ቀደምኳቸው። የአስታው ዛፍ አልቆ ረጅሙ የደጋ ተክል ጂባራ ሲጀምር ራሴን ፈለጠኝ፣ አስመለሰኝ። ቦርሳዬን ከጀርባዬ አውርደው ተሸከሙና ቁልቁል ዞሩ። ልከራከር ስል «ገንዘብህን እመልስልሃለሁ፤ ሬሳ ግን አልሸከምም» አሉኝ። ማታ ሪራ ቡና ስጠጣ ደህና ነበርኩ፤ ያፈርኩት ይብሳል።

በሁለተኛው ጉዞ እሳቸውኑ ፈልጌ ከሪራ ዝቅ ብለን ካቻ የሚባለው ገላጣ ላይ ሁለት ሌሊት አደርን። ያኔ ነው ጫካውን ያየሁት። መሬት የወደቀ የታኘከ ቀርከሃ አንስተው «ጦጣዋ ዛሬ ጠዋት እዚህ ነበረች» ይላሉ፤ የባሌ ጦጣ ኑሮዋ በቀርከሃ ነው። ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ሲያዩ የማን እንደሆነ ይነግሩሻል። ወደ ታች ደግሞ ማንም ያልተከለው ቡና ጥላ ስር በቅሏል። ከዚያ በኋላ ዳገቱን በእሳቸው እርምጃ ወጣን፣ ራሴንም አላመመኝም።

ከኅዳር እስከ የካቲት ሂጂ። በበጋም ቢሆን የዝናብ ልብስ አይቅር፣ ለሳኔቲ ሌሊት ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ፤ ውርጩ አይጣል ነው። ጓዝ ለፈረስ ይሁን።

ውሉን በቀን አድርጊው እንጂ «ጫፍ ካደረስከኝ» ብለሽ አትዋዋዪ። ስትታመሚ «እንመለስ» ለማለት ኪሱን የሚያስብ መሪ አትፈልጊም።