ጥያቄና መልስ፦ መንገድ ላይ የቀሩ ፉርጎዎች

ጥያቄ፦ ሽቱትጋርት የሚኖሩ አንባቢ አሥር አንድ ዓይነት የሞዴል ባቡር የዕቃ ፉርጎ ከፕላስቲክ ቁርጥራጭ ለመገጣጠም በአንዴ ጀምረው ፍሬኑ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ዛለ። ሣጥኑ ከተከደነ ወራት ሆኖታል። «ሰነፍኩ?» ይላሉ።

መልስ፦ ስንፍና አይደለም፤ ጥፋቱ የአሥሩ ነው። ባለ አራት ጎማ ፉርጎ ለየጎማው አንድ የፍሬን ቁራጭ ብቻ ቢኖረው፣ እርስዎ 40 ቅንጣቢ ፕላስቲክ በወረንጦ እያነሡ ሊለጥፉ ነው፤ ያውም ማንም በማያየው ሆዱ ሥር! በጅምላ መሥራት የሚያዋጣው መሰናዶው ከሥራው ሲበልጥ ነው። ቁርጥራጩን በሳሙና ማጠብና ቀለም መንፋት እንዲህ ናቸው፤ መርጫውን ማጽዳቱ ለአንድም ለአሥርም ያው ነው። ጥቃቅኑን ግን ሁለት ሁለት ፉርጎ ይያዙ። ከዚያም በፊት አንዱን ብቻ ቀለሙም ቁጥሩም ሳይቀር ጨርሰው ሐዲድ ላይ ያስኪዱት። ጎማው ወለሉን መፋተጉን፣ መንጠቆው ዝቅ ማለቱን እሱ ያሳይዎታል፤ አለዚያ ያንኑ ጉድለት አሥር ጊዜ ይደግሙታል። ማታ ሲነሡም ቀላል ሥራ አስተርፈው ይነሡ፦ የተቆረጠ ግን ያልተለጠፈ ነገር። ሩብ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው የት እንዳቆመ ሲፈልግ ሩብ ሰዓቱ ያልቅበታል። ስለ ተነሣሽነት የሚሰብኩትን ቪዲዮዎች ደግሞ ይተዉዋቸው፤ አንዱ እስኪያልቅ ሁለት ፍሬን ይለጠፋል።

ጥያቄ፦ አያቷ የሠሩበትን የጅቡቲ–ለገሃር ባቡር በኤችኦ ልኬት ልትሠራ ያሰበች ወጣት የትኛውን ሐዲድ ልግዛ ትላለች።

መልስ፦ ባለ 12 ሚሊ ሜትሩን። ኤችኦ 1 ለ87 ነው፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል፤ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ሱቅ ሁሉ የሚሸጥልሽ 16.5 ሚሊ ሜትሩ በ2016 እ.ኤ.አ. ለተመረቀው አዲሱ መስመር ነው የሚሆነው። ይህን ሳትወስኚ ቢላ አታንሺ፤ ግማሽ ላይ ልኬቱ የተዛባ ፉርጎ ተመልሶ አይነካም።

ጥያቄ፦ ፉርጎዬ ኩርባ ላይ እየወደቀ አስመረረኝ።

መልስ፦ ክብደት አንሶት ይሆናል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር በሚመክረው ስሌት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የኤችኦ ፉርጎ ወደ 112 ግራም ሊመዝን ይገባል። የብረት ዳዶ መሀል ወለሉ ላይ ለጥፍበት።

ጥያቄ፦ ፉርጎው ብቻ ሳይሆን ምግቡም ሰዉም አስጠልቷቸው፣ እንቅልፍ ካጡ ሳምንታት ያለፋቸው አንባቢ «ምን ዓይነት ሞዴል ቢቀልለኝ ይሻላል?» ብለዋል።

መልስ፦ ሞዴሉን አልመርጥልዎትም። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ በዚሁ ሳምንት። ብቻዎን መሄድ ከከበደዎ የሚያምኑትን ሰው ይዘው ይሂዱ፤ የጻፉልኝን እንዳለ ያንብቡላቸው። ፉርጎው አይሻግትም።

ጥያቄ፦ የሙጫው ሽታ ራሴን ያመኛል።

መልስ፦ መስኮት ክፈት። ካልተወህ ሐኪም ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የምግብ ጠረጴዛውን ልቀቅ አለችኝ።

መልስ፦ ልቀቅ። ጠርዙ ከፍ ያለ ሰፊ ትሪ ግዛና ሥራህን እንደተዘረጋ ከነትሪው አልጋ ሥር አስገባው።