ከዱቄት ወደ ስስ ሽፋን

ጥያቄ፦ የዶክትሬት ጥናቴን የሠራሁት በዱቄት መልክ በሚዘጋጁ ፌራይቶች (የብረት ኦክሳይድ ባላቸው ማግኔታዊ ውህዶች) ማግኔታዊ ባሕርይ ላይ ነው። አሁን በማግኔታዊ ስስ ሽፋኖች ላይ የሙከራ ምርምር ለሚያካሂድ ቡድን የድህረ ዶክትሬት ማመልከቻ ለማስገባት አስቤያለሁ፤ ይሁን እንጂ ሽፋን አዘጋጅቼ አላውቅም። ይህ ከውድድሩ ያስወጣኛልን? እስከዚያውስ በምን ልዘጋጅ?

መልስ፦ ብዙ አመልካቾች የሚፈሩት መሣሪያውን ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ፍርሃቱ ያለ ቦታው የገባ ነው። ስፐተሪንግ፣ ማለትም በቫኩም ክፍል ውስጥ የአርጎን አዮኖች ከኮባልት ላይ አተሞችን እየፈነቀሉ በሲሊከን ዝርግ ላይ እንዲያርፉ ማድረግ፣ የሚያሳይዎ ሰው ካለ በጥቂት ወራት የሚለመድ ሥራ ነው። አስቸጋሪው የሚለካው ነገር ማነሱ ነው።

ጎንና ጎኑ 5 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 0.5 ሚሊሜትር በሆነ ሲሊከን ላይ 1 ናኖሜትር ኮባልት አርፏል እንበል። ሲሊከኑ ከሽፋኑ 500,000 ጊዜ ይወፍራል፤ ማግኔታዊ መስክን የሚቃወመው እጅግ በደካማው ቢሆንም፣ በ1 ቴስላ መስክ ውስጥ የሚሰጠው ተቃራኒ ምልክት ከኮባልቱ ምልክት ጋር ሊስተካከል ምንም አይቀረው። የሲሊከኑ ምልክት ከመስኩ ጋር በቀጥታ መስመር ስለሚያድግ ከውጤቱ ላይ መቀነስ ይቻላል። የባሰው ናሙናውን በብረት ወረንጦ ሲይዙት የሚመጣው ነው፦ ከ30 ማይክሮሜትር የማትበልጥ፣ ከፀጉር የምትቀጥን የብረት ቅንጣት ጠርዙ ላይ ብትቀር ብቻዋን የሽፋኑን ያህል ምልክት ትሰጣለች፤ እንደ ሽፋኑም ሙሌት ላይ (መስኩ ቢጨምርም ምልክቱ ከማያድግበት ደረጃ) ስለምትደርስ አዲስ ግኝት መስላ ልትታይ ትችላለች። ጠንቃቃ ተመራማሪ በፕላስቲክ ወይም በታይታኒየም ወረንጦ የሚጠቀመው፣ ሽፋን ያላረፈበትንም ሲሊከን በዚያው እጅና በዚያው መንገድ አሳልፎ የሚለካው ለዚህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ጊዜዎን የሚገባው የውፍረት ጉዳይ ነው። በ1988 የአልበርት ፌርና የፒተር ግሩንበርግ ቡድኖች በየፊናቸው ጃያንት ማግኔቶሬዚስታንስን (በማግኔታዊ መስክ ምክንያት የንብርብሮች የኤሌክትሪክ መቋቋም በእጅጉ መለወጡን) ያገኙትና ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ2007 የኖቤል ሽልማት የተጋሩበት ሥራ፣ በብረት ንብርብሮች መካከል 1 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ክሮሚየም በማስገባት የተሠራ ነበር። ስቱዋርት ፓርኪንና ባልደረቦቹ በ1990 በስፐተሪንግ ባዘጋጇቸው ንብርብሮች እንዳሳዩት ደግሞ፣ በንብርብሮቹ መካከል ያለው ትስስር ከመካከለኛው ሽፋን ውፍረት ጋር እየተፈራረቀ ይለዋወጣል፤ ጥቂት የአተም ድርድር ቢሳሳቱ የንብርብሮቹ ማግኔትነት ተቃራኒ መሆኑ ቀርቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል። ስለዚህ ውፍረት በኤክስሬይ ነጸብራቅ እንዴት እንደሚለካ አሁኑኑ ያጥኑ፤ መረጃውን መተንተን ኮምፒውተር ብቻ ይበቃዋል።

በማመልከቻው ደብዳቤ ሽፋን አለመሥራትዎን ደጋግመው ይቅርታ አይጠይቁበት። በፌራይት ዱቄትዎ ውስጥ የገባን ባዕድ ውህድ ምልክት ከዋናው እንዴት እንደለዩ በአንድ አንቀጽ ያስረዱ፤ ቡድኑን የሚመራው ሰው የሚፈልገው ጥርጣሬ ይኸው ነው። በቃለ መጠይቁ ደግሞ እርስዎም ይጠይቁ፦ የቫኩም መሣሪያውን ስንት ሰው ይጋራዋል? ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ውሉ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ከሆነ፣ ለጥገና የተከፈተ የቫኩም ክፍል ብዙ ሳምንታት ሊበላብዎ ይችላል።