ሳይጠሩ የሚመጡ ተዋንያን

«በአካውንቲንግ ተመርቄ ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ውስጥ ሒሳብ እይዛለሁ። ደመወዙ ትንሽ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ድራማ እንሠራለን፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው። ሥራዬን ለቅቄ አዲስ አበባ ቴአትር ልማር ወይስ ልተወው? እዚህ እንደሆነ ቲኬት ቆርጦ የሚገባ ተመልካች የለም።»

አብሽሪ እኅቴ። ከሁሉ በፊት ግን ሥራሽን አትልቀቂ። ትንሽም ቢሆን የቡድናችሁ የመጀመሪያ ስፖንሰር ደመወዝሽ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነበው ለአንቺ ቴአትር ማለት መጋረጃ፣ አዳራሽና ቲኬት መሰለኝ። አልፈርድብሽም፤ ዘመናዊው ቴአትራችን ያደገው እንደዚያ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሩሲያ ተምረው ሲመለሱ በአውሬዎች ተረት ሹማምንቱን የሚሸነቁጥ «ፋቡላ»ን ጻፉ፤ ታገደባቸው። ቴአትር ከዚያ በየትምህርት ቤቱ ቆይቶ፣ ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። ሁሉም አዲስ አበባ። ወደ እኛ የደረሰው በብዛት በኪነት ቡድን መልክ ነው። ማሪቱ ለገሰ የወጣችበት የወሎው ላሊበላ ኪነት ዛሬ በዘፈኑ እንጂ በድራማው ሲነሳ አልሰማም።

ሌላ መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. በ1947 ስኮትላንድ ውስጥ ኤድንብራ ከተማ ትልቅ የጥበብ ፌስቲቫል ሲከፈት ስምንት ቡድኖች ሳይጠሩ መጡ። በፌስቲቫሉ መርሐ ግብር ስላልተካተቱ ባገኙት ቦታ ተጫወቱ። ዛሬ ፍሪንጅ የሚባለው ፌስቲቫል ከዚያ የበቀለ ነው፤ ቃሉ ዳር እንደማለት ነው። ዳሩ አሁን በብዛት መሐሉን በልጦታል።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ሳይጠራ መጥቶ የሚጫወት ሰው መቼ ብርቅ ሆኖ ያውቃል! ላሊበሎችን አስቢያቸው። ገና ጎህ ሲቀድ ደጅ ይቆማሉ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። የአባወራውን ስም ከጎረቤት ጠይቀው ግጥሙ ውስጥ ይከቱታል። እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው በድምፅ ብቻ ከአልጋ አስነስቶ እጁን ኪሱ ማስገባት ቀላል ትወና አይደለም። «ተመልካች የለም» ያልሽኝን እዚህ ላይ ቆም ብለሽ እይው።

ስለዚህ ለሦስት ሰው የሚሆን፣ ሠላሳ ደቂቃ የማይሞላ፣ የመድረክ መብራት የማይፈልግ ተውኔት ጻፉ። አንድ የቡና ቤት ባለቤት ገበያው ቀዝቀዝ በሚልበት ሰዓት ጥጉን እንዲሰጣችሁ ለምኑት፤ የቡናው ሽያጭ የእሱ፣ በሰፌድ እየዞረ የሚሰበሰበው ገንዘብ የእናንተ። የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ማሳወቅ አትርሱ። ከጨዋታው በኋላ ደግሞ ሰው እንዲናገር ተዉት። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ተመልካቹን መድረክ ላይ አውጥቶ የታሪኩን መጨረሻ ያስቀይረው ነበር፤ የእኛ ሰው ለዚህ ብዙ ማባበል አያሻውም።

አሁን ስለ እንጀራው። ትወና ብቻውን እዚህ አያኖርሽም፤ ልሸነግልሽ አልፈልግም። የሚያኖርሽ የናቅሽው አካውንቲንግ ሊሆን ይችላል። እኔ ያየኋቸው የወጣት ቡድኖች የፈረሱት ተዋናይ አጥተው አይደለም፤ «ማን ስንት ወሰደ» በሚል ጠብ ነው። የጤና ትምህርት ድራማ የሚያሠሩ ድርጅቶች በጀት፣ ደረሰኝና የሒሳብ ሪፖርት ይጠይቃሉ። ቡድን ውስጥ ይህን የሚችል አንድ ሰው ሲገኝ ሥራው ተመላልሶ ይመጣል። በዚያ ላይ መድረክ መምራት አለ፣ የሬዲዮ ድራማ አለ።

ለአበል ብለሽ ድርሰትሽን ፈርመሽ አትስጪ። በቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጻፍሽው ተውኔት ባታስመዘግቢውም ያንቺ ነው፤ መብቱ በሕይወት ዘመንሽ ሁሉ፣ ካለፍሽም በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ስትሸጪ ለስንት ጊዜና የት እንደሚታይ ውሉ ላይ ይጻፍ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ማስተማር የጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አንድ ዓመት ብትቆዪ አያመልጥሽም። አራት አምስት ጊዜ ሰው ፊት ቆመሽ ብትሄጂ ምን መማር እንደጎደለሽ አውቀሽ ትገቢያለሽ።

ወደ ደሴ ከወጣችሁ በክረምት ግቢ ውስጥ እንዳትሞክሩት ብቻ፤ የነሐሴ ዝናብ ሰፌዱንም ይዞት ይሄዳል።