የሩቅ ሰማይ ፎቶ ለጀማሪ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የኦሪዮን ኔቡላን ፎቶ ካካፈልኩ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። ለእያንዳንዱ ከምጽፍ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። የምናወራው ከጨረቃና ከፕላኔቶች ወዲያ ስላለው ነው፤ ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና)፣ ጋላክሲ፣ የኮከብ ክምችት፣ ማለትም ዲፕ ስካይ ስለሚባለው።

ጥያቄ፦ የትኛውን ቴሌስኮፕ ልግዛ?

ምንም አትግዛ። ቢያንስ አሁን። ሌንሱ የሚቀየር የቆየ ካሜራ፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስና የማይወዛወዝ ትራይፖድ ይበቃሃል። ካሜራ ከሌለህ ሰርግ የሚያነሳ ጓደኛ ፈልግና ሰኞ ማታ ተዋሰው፤ ሰኞ ሰርግ የለም። የኦሪዮን ኔቡላ፣ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ፣ ፕላያደስ የሚባለው የኮከብ ክምችት፣ ሁሉም በዚህ ይያዛሉ። አንድሮሜዳን ሰው ትንሽ ነጥብ ይመስለዋል እንጂ ሰማይ ላይ ስፋቷ የሙሉ ጨረቃን ስድስት እጥፍ ያህላል። ችግሯ መደብዘዟ ነው።

ጥያቄ፦ ካኖን ነው ያለኝ፣ ክሮፕ ሰንሰር (ከሙሉ ፍሬም ያነሰ ሰንሰር ያለው)። ስንት ሰከንድ ክፍት ላድርገው?

ምድር ስለምትዞር ብዙ ከቆየህ ኮከቡ ክር ይሆናል። 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር አካፍል፣ የወጣውን ደግሞ ሰንሰርህ ትንሽ ስለሆነ ለ1.6። በ50 ሚሊሜትር 6 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። እኔ ግን 4 በል እላለሁ። ኦሪዮን የሰማይ ወገብ ላይ ስለሆነ ከሌላው ፈጠን ብሎ ይሄዳል። የሌንሱን መክፈቻ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦውን (የካሜራውን የብርሃን ስሜት) 1600፣ ፋይሉን ራው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል) አድርግ።

ዋናው ነገር ብዛቱ ነው። 4 ሰከንድ 250 ጊዜ ብታነሳ ወደ 17 ደቂቃ ብርሃን ሰበሰብክ ማለት ነው። ከዚያ ሲሪል ወይም ዲፕስካይስታከር በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ትደራርባቸዋለህ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። 100 ፎቶ ስትደራርብ ኖይዙ (ፎቶውን የሚያበላሸው ነጠብጣብ) ከአንዱ ፎቶ አንፃር ወደ አንድ አስረኛ ይወርዳል። ከመሄድህ በፊት የሌንሱን ክዳን ግጠምና ምንም ሳትቀይር 20 ያህል ጥቁር ፎቶ ጨምር፤ ፕሮግራሙ የሰንሰሩን እንከን የሚቀንሰው በእነሱ ነው።

ጥያቄ፦ ኮከቦቼ ሁሌ ድቡልቡል ሆነው ነው የሚወጡት፣ ምን ላድርግ? (ከሐዋሳ)

ፎከስ ነው እህቴ። ሌንሱ ላይ ያለውን የኢንፊኒቲ ምልክት አትመኚው። አውቶፎከሱን አጥፊ፣ ላይቭ ቪው (ሰማዩን በስክሪኑ በቀጥታ የሚያሳየውን) ክፈቺ፣ ሲሪየስን፣ የሌሊቱን ሰማይ ደማቁን ኮከብ፣ መሃል አስገቢና ስክሪኑን እስከ መጨረሻው አጉዪው። ቀለበቱን በጣም በቀስታ አዙሪ። ኮከቡ ያንሳል ያንሳል፣ ከዚያ መልሶ መስፋት ይጀምራል። ልትይዢው የሚገባው በጣም ያነሰበትን ቦታ ነው። እዚያው በፕላስተር ለጥፊው። ብርዱ ሲጠነክር ፎከሱ ትንሽ ስለሚሸሽ በየሰዓቱ እይው።

ጥያቄ፦ እንጦጦ ልውጣ?

እንደምታነሳው ነገር ነው። ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እዚያ ስላለ ሰው ሁሉ እንጦጦ ይላል። ከፍታው ጥሩ ነው። ግን ወደ ደቡብ ስታይ ከስርህ አዲስ አበባ አለች፣ መብራቷም የደቡቡን ሰማይ ያነጣዋል። የሚያሳዝነው ደግሞ የእኛ ሀብት ያለው እዚያ ነው፤ የካሪና ኔቡላና ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው የኮከብ ክምችት፣ አውሮፓ ያለ ሰው በደንብ የማያያቸው። ለእነሱ ከከተማው በደቡብ በኩል ውጣ። በሰሜን ለምትታየው አንድሮሜዳ ከከተማው በሰሜን ያለው ሱሉልታ ይሻላል። የትም ብትሄድ ለአካባቢው ሰው ወይም ለጥበቃው ቀድመህ ንገር፣ ብቻህንም አትሁን። በሌሊት ትራይፖድ የተሸከመ ሰው ጥሩ ነገር አይመስልም፣ ጅቡም አለ። (በእኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ የምደሰተው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።)

ጥያቄ፦ ትራከር (ዘንጉን ወደ ሰሜን ኮከብ አነጣጥረህ ካሜራውን ከሰማዩ ጋር የሚያዞር መሣሪያ) ገዛሁ፣ የሰሜን ኮከብን ግን ላገኘው አልቻልኩም።

ይሄ የእኛ ሀገር ችግር ነው፣ የዩቲዩቡ ሰውዬ አይነግርህም። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያለው ከፍታ ካለህበት ላቲትዩድ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ፣ ጎንደር 12 ተኩል፣ አርባ ምንጭ 6። ስለዚህ ኮከቡ ከጎረቤት ቆርቆሮ ጀርባ ወይም አቧራ ውስጥ ነው። ሌላም ጣጣ አለ፤ አንዳንድ ትልልቅ ማውንቶች (ቴሌስኮፕ ተሸክመው የሚያዞሩ መሣሪያዎች) ከ10 ዲግሪ በታች አይወርዱም፣ የሚወርዱትም ቢሆኑ ሚዛን መጠበቂያው ክብደት ከትራይፖዱ እግር ጋር ሊጋጭ ይችላል። ከመግዛትህ በፊት ዝቅተኛውን ዲግሪ ጠይቅ።

ለ50 ሚሊሜትር የስልክ ዘዴ ይሰራል። የስልኩን ውሃ ልክ ተጠቅመህ ዘንጉን ባለህበት ላቲትዩድ ልክ (አዲስ አበባ ከሆንክ 9 ዲግሪ) አድርግ፣ ኮምፓሱን እውነተኛው ሰሜን ላይ አስተካክል፣ ስልኩን ከብረቱ ራቅ አድርገህ አንብብ፤ ብረት ኮምፓሱን ያሳስተዋል። ከዚያ 30 ሰከንድ ሞክር፣ ኮከቡ ከተጎተተ አስተካክል። ረጅም ሌንስ ካለህ ላፕቶፕ ያስፈልግሃል፤ ኒና የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሰማዩን ሦስት ቦታ አንስቶ የሰሜን ኮከብን ሳታይ ያስተካክልልሃል።

ጥያቄ፦ መቼ ልጀምር?

ከኅዳር እስከ ጥር፣ ጨረቃ በሌለችበት ሳምንት። ኦሪዮን ያኔ በጊዜ ይወጣል። የፍኖተ ሐሊብ መሃል በደንብ የሚታየው በክረምት ምሽት ነበር፣ ደመናው አያስጠጋም እንጂ። ስለዚህ በሚያዝያ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ተነሳ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ፣ በሙቀቱ ወራት ፎቶዬ ቀያይ ነጠብጣብ ይሞላል።

ሙቀቱ ነው። የጋለ ሰንሰር ኖይዙ ይበዛል። በየፎቶው መሃል ጥቂት ሰከንድ አሳርፈው፣ ጥቁር ፎቶዎቹንም በዚያው ሙቀት እዚያው አንሳ። ከቻልክ እስከ ኅዳር ጠብቅ።

ጥያቄ፦ የኔ ኦሪዮን ለምን እንደ አንተ አልቀላም?

የሃይድሮጅኑ ቀይ ብርሃን 656 ናኖሜትር ላይ ነው፤ ተራ ካሜራ ሰንሰሩ ፊት ያለው ማጣሪያ አብዛኛውን ይከለክለዋል። የኔ ካሜራ ማጣሪያው ተቀይሮለታል። ኦሪዮን ደማቅ ስለሆነ ባንተም ሮዝ ሆኖ ይመጣል፤ የፈረስ ራስ ኔቡላ ላይ ግን ትቸገራለህ።