ፀረ-አረም ስለሚቋቋም ስንዴ ጠይቁኝ

ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ክሊርፊልድ የሚባለው ፀረ-አረም የሚቋቋም ስንዴ ልውጥ ዘር (ከሌላ ፍጡር ዘረ-መል የገባበት) ነው?

መልስ፦ አይደለም። ይሄን በደንብ ላስረዳ። ፊደል የሚባል የፈረንሳይ ስንዴ ዘር ሶዲየም አዛይድ በሚባል ኬሚካል ተነከረ። ኬሚካሉ ዘረ-መሉን እዚህም እዚያም ይለውጠዋል። ከዚያ የዘሩ ልጆች ኢሚዳዞሊኖን በሚባለው የፀረ-አረም ወገን ተፈተኑ፤ የተረፈው ተያዘ፤ ክሊርፊልድ የመጣው ከዚያ ነው። ሥራው በ1992 ታተመ። ከሌላ ፍጡር የገባ ነገር የለም።

አሁን ዋናው ነገር። ተክል አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) የሚሠራበት ኤኤልኤስ የተባለ ኢንዛይም (ሥራ አቀላጣፊ ፕሮቲን) አለው። መድኃኒቱ እዚያ ላይ ተጣብቆ ሥራውን ያቆመዋል፤ አረሙ ተርቦ ይሞታል። በተረፈው ስንዴ ግን በኢንዛይሙ 653ኛ ቦታ የነበረው ሴሪን የሚባል አሚኖ አሲድ አስፓራጂን ወደሚባል ሌላ ተቀይሯል። መድኃኒቱ መያዣ ያጣል። የዳቦ ስንዴ ኤ፣ ቢ እና ዲ የሚባሉ ሦስት ጂኖሞች (የዘረ-መል ስብስቦች) አሉት። ለውጡ በአንዱ ብቻ ከሆነ መቋቋሙ መጠነኛ ነው፤ በሁለቱ ሲሆን ይጠነክራል።

ጥያቄ፦ ራውንድ አፕ የሚባለውን ፀረ-አረም ልረጭበት?

መልስ፦ በፍጹም! ወገኑ ሌላ ነው፤ ስንዴው ይሞታል። ሞንሳንቶ የተባለው ኩባንያ ራውንድ አፕ የሚቋቋም ስንዴ ጀምሮ በ2004 ትቶታል።

ጥያቄ፦ ጥሩው መድኃኒት የቱ ነው?

መልስ፦ ለምን አረም? ሙጃ? ሲናር? ቅጠለ ሰፊ? ስንዴው ስንት ቅጠል አውጥቷል? እንዲህ በጥቅሉ ሲጠየቅ አልመልስም።

አባል 1፦ አባቶቻችን ሙጃን በእጅ ነበር የሚነቅሉት። መድኃኒት ነው ያሰነፈን።

አባል 2፦ ወንድሜ፣ ሙጃ ገና ሲበቅል ስንዴ ነው የሚመስለው። ለነቃዩ የቀን ሠራተኛስ ማን ይከፍላል?

አባል 1፦ ደቦ የት ሄደ?

መልስ፦ ስለ ደቦ ሌላ ቀን እናወራለን። ወደ ስንዴው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ይህን ስንዴ ከዘራሁ ከአረም ተገላገልኩ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኤጊሎፕስ ሲሊንድሪካ የሚባል የዱር ሣር አለ። ዲ ጂኖም ከስንዴ ጋር ስለሚጋራ ይዳቀላሉ፤ የመቋቋም ባሕርዩም ወደ ሣሩ ሊያልፍ ይችላል። መዳቀል ባይኖር እንኳ አንድ ወገን መድኃኒት በየዓመቱ አትርጩ! ከሺህ አረም አንዱ ከተረፈ ዘሩን ይበትናል። እኛ ጋ የሚረጨው ፓላስም የሚመታው ያንኑ ኤኤልኤስ ነው። ስሙ ሌላ ስለሆነ መድኃኒት የቀየራችሁ አይምሰላችሁ። ስንዴን በባቄላ አፈራርቁ።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ልውጥ ዘር ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፣ እባክህ አንብብ። ልውጡ አርጀንቲና በ2020 የፈቀደችው ኤችቢ4 የሚባል ስንዴ ነው። ድርቅንና ግሉፎሲኔት የሚባለውን ፀረ-አረም ይቋቋማል።

ጥያቄ፦ ዘሩን ከየት ላግኝ?

መልስ፦ ዘር አልሸጥም። የምርምር ማዕከል ጠይቁ። ደግሜ እላለሁ፦ አንድ ወገን መድኃኒት በየዓመቱ አትርጩ።