የወባ፣ የኮሶና የቢልሃርዝያ መድኃኒት ከጓሮ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ደሴ ላይ የዕጽዋት መድኃኒቶችን በቤተ ሙከራ እፈትሻለሁ። ከደረሱኝ ጥያቄዎች የተደጋገሙትን መረጥኩ።

ከከሚሴ፦ እናቴ ወባ ሲይዘን ግራዋ ታጠጣን ነበር። መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ?

ቅጠሉን ጥላ ላይ አድርቀን እንፈጨዋለን። ሜታኖል በተባለ የአልኮል ዓይነትና በውሃ ውስጥ ሦስት ቀን ዘፍዝፈን፣ አጥልለን፣ ፈሳሹን በዝግታ እናተንነዋለን። የሚተርፈው እንደ ሬንጅ ጣት ላይ የሚጣበቅ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ነው። በአይጥ ወባ ከተያዙ አይጦች ገሚሶቹ ይህን በተለያየ መጠን፣ ገሚሶቹ የታወቀውን የወባ መድኃኒት ክሎሮኪን፣ የቀሩት መድኃኒት የሌለበትን ባዶ ማሟሚያ ለአራት ቀን ይወስዳሉ። በአምስተኛው ቀን ከጅራታቸው ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወስደን፣ ጊምሳ ቀለም ቀብተን፣ ወባ የገባባቸውን ቀይ የደም ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ እንቆጥራለን፤ ግራዋ የወሰዱት ቁጥር ባዶውን ከወሰዱት በግልጽ ካነሰ ሠርቷል እንላለን። ቆጣሪው ስላይዱ የየትኛው ቡድን እንደሆነ ማወቅ የለበትም። በዚህ ጉዳይ ከተማሪዎቼ ጋር ድርድር የለኝም፤ ዐይን የተመኘውን ያያል።

ከሐርቡ፦ አይጡን ካዳነ እኔስ ብጠጣው?

አይሆንም። የአይጥ ወባ ሌላ ነው፣ የሰው ወባ ሌላ። ትኩሳት ሲሰማዎት ዛሬውኑ ደምዎን ይመርመሩ።

ከወረኢሉ፦ አያቶቻችን ኮሶ ጠጥተው ኖረዋል። ዛሬ ለምን ትከለክሉናላችሁ?

አባባ፣ ኮሶ ትሉን እንደሚያስወጣ አልክድም። የሚያስፈራኝ ልኩ ነው። የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው ይበረታል፤ የአንዱ እፍኝም ከሌላው ይሰፋል። ከልክ ሲያልፍ ዐይን እስከማጥፋት ይደርሳል፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ ጨርሶ እንዳትቀምሰው። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል በክብደትዎ ተለክቶ የሚወሰድ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ እንዶድ የቢልሃርዝያ መድኃኒት ነው ይባላል። ይጠጣል?

በፍጹም! ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያዩት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ ነው። እንዶድ የሚገድለው በሽታውን የሚያሻግረውን ቀንድ አውጣ እንጂ ሰው ውስጥ የገባውን ትል አይደለም።

ከባቲ፦ የአያቴን የወባ ቅጠል ላምጣልዎት?

አምጪልኝ እህቴ፤ ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ቅርንጫፉን ከነአበባው። ከሁሉ በላይ ግን አያትሽ እንዴት እንደሚያዘጋጁት ጠይቂልኝ፤ ይቀቅሉታል ወይስ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይጨምቁታል? ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩ አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት ከአንድ ዕፅ ያገኘችው፣ የዕፁ ቅጠል ተቀቅሎ አልሠራ ሲላት፣ ጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ ‹ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ጭመቅ› የሚል፣ መቀቀልን የማያነሳ ምክር አንብባ ሙቀቱን ዝቅ ካደረገች በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመችበት። አያትሽ ካሉ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው።